ጠፋ ሁለት ነው

ነሐሴ 4 ቀን 2001፣ ኪሌሌሽዋ፣ ናይሮቢ

መብራት በፈረቃ ሆነ። ዝናብ ስለጠፋ ግድቡ ደርቋል አሉ። ቀን ቀን ሰፈር እየተመረጠ ይሄዳል፣ ማታ ይመጣል። ፍሪጁ ሲያርፍ ቤቱ እንዴት ዝም እንደሚል አላውቅም ነበር። ውሃ ሥር የተቀመጥኩ ነው የሚመስለኝ፤ የመንገዱ ድምፅ ከላይ፣ ከሩቅ ይመጣል።

ሔኖክ ከጁባ ደወለ። "ለእንቁጣጣሽ ቤቴ ነኝ፣ ወር ሙሉ" አለኝ። ባሌ የዕርዳታ እህል አውሮፕላን ላይ የሚያስጭን ሰው ነው፤ ቀጠሮው ሁሉ እንደ አየሩ ጠባይ ነው። ከፋሲካ ወዲህ የመጣባቸው ቀኖች ሻንጣ ለመፍታት እንኳን አልበቁም። ወር ሙሉ ከተቀመጠ ግን እንደ ባልና ሚስት እንሆናለን።

እንደ ባልና ሚስት ብዬ ጻፍኩ? ነን እኮ። ደክሞኝ ነው።

ነሐሴ 8

ጋሽ ቶሎሳ አዲስ ሥራ ይዞ መጣ። መሥሪያ ቤታችን አየር ማረፊያው አጠገብ፣ ኢምባካሲ ውስጥ የአንድ መጋዘን ግማሽ ናት። በሌላው ግማሽ ጎማ ስለሚቀመጥ ሁላችንም ጎማ ጎማ እንሸታለን። ሦስት ነን፤ ባለቤቱ ጋሽ ቶሎሳ፣ ሰርኪቱን የሚሠራው በድሩ፣ ፕሮግራሙን የምጽፈው እኔ። አሁን የመጣው የሻወር ውሃ ማሞቂያ መቆጣጠሪያ ነው። ላቪንግተን ሰፈር ፎቅ የሚያስገነባ ሰውዬ "መብራት ሄዶ ሲመጣ የማይወናበድ ከሆነ ለሁሉም ቤት እወስዳለሁ" ብሏል።

"ምን አላት፣ ቀላል ናት" አልኩ። አንድ አዝራር አላት። ሲነኳት ታሞቃለች፣ ደግመው ሲነኳት ትተዋለች፣ ውሃው ሲበቃው ራሷ ታቆማለች። መብራት ሲሄድ ራሷን እንዳትስት ውስጧ ትንሽ ባትሪ አለች። ከዚህ የቀለለ ጠባይ ያለው ፍጡር ከየት ይገኛል።

ነሐሴ 13

ታክሲ ውስጥ ነኝ፣ እዚህ ማታቱ በሚሉት። ቸኩያለሁ። ጠፍቶ ከሆነ ይህን። እየሞቀ ከሆነ ያንን። ሞቆ ከሆነ ሌላ። መብራት ከሄደስ? እንደገና፣ ጠፍቶ ከሆነ፣ እየሞቀ ከሆነ። ጭንቅላቴ "ከሆነ" ብቻ ሆኗል። ሔኖክ አልደወለም። ረቡዕ ነው እኮ፤ የሚደውለው እሑድ ነው።

ያለፈው እሑድም አልደወለም።

ነሐሴ 18

ጋሽ ቶሎሳ ኮዴን አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። መነጽሩን ካወለቀ ነገር አለ ማለት ነው።

"ሠርኬ፣ ይኼ ፕሮግራም ነው ወይስ የእድር ስብሰባ?"

"ምን ሆነ ጋሼ?"

"አዝራር በተነካ ቁጥር አባል ሁሉ ይጠየቃል።"

"ታዲያ ማሞቂያው ምን ላይ እንዳለ ሳላውቅ ምን ላድርግ?"

"አንቺ አትወቂ። እስቲ፣ የምትኖሪበት ግቢ በሩ ሲንኳኳ የሚያስበው ማነው?"

"ዘበኛው ነዋ።"

"የትኛው ዘበኛ?"

"ተረኛው።"

"አየሽ። የቀኑ ተረኛ ፈገግ ብሎ ይከፍታል። የማታው በቀዳዳ አጮልቆ 'ማነህ' ይላል። በሩ ያው፣ የሚንኳኳው ያው። ግቢው አያስብም፤ ተረኛው ያስባል። ፈረቃው ሲያልቅ ቁልፉን ለማን እንደሚያስረክብም የሚያውቀው ራሱ ነው።"

ስቴት ፓተርን የሚባለው ይኼ ነው። ትምህርት ቤት ተምሬው ነበር፣ ዘበኛ አልነበረውም እንጂ። አፈረስኩትና እያንዳንዱን ሁኔታ ራሱን የቻለ ተረኛ አድርጌ ጻፍኩ። ማሞቂያዋ አሁን ምንም አታውቅም። አዝራር ሲነካ "ተረኛ ማነው? ተቀበል" ብላ ታሳልፋለች። ስማቸውን በአማርኛ አወጣሁላቸው፤ ፊደሉ ብቻ የፈረንጅ ነው፦ ጠፍቷል፣ እየሞቀ ነው፣ ሞቋል።

በድሩ ሳቀብኝ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ልጅ ነው፣ አማርኛው ከእናቱ ቤት በር ብዙም አይርቅም። "ክላየንቱ ኮዱን ቢያይስ?" አለኝ።

"ካየ ያጠናዋል።"

ወደ ቤት ስመለስ ማታቱ ውስጥ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ይሁን በውኔ እንጃ፣ የሔኖክ ተረኞች በየወንበሩ ተደርድረው አየኋቸው። አንዱ የሚስቀው ነው፣ እኔን ያገባኝ። አንዱ "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" እያለ ስልክ የሚያወራው። አንዱ ሻንጣው አጠገብ ቆሞ መስኮት መስኮቱን የሚያየው። አሁን ተረኛው ማነው ብዬ ልጠይቅ ስል ኮንዳክተሩ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። መውረጃዬን አልፌያለሁ።

ነሐሴ 26

የመጀመሪያዋን ማሞቂያ ለሙከራ እትዬ የሺወርቅ ቤት ገጠምናት። እትዬ የሺወርቅ ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ዘማሪ ናቸው፣ ቤታቸው ጸሎት አያጣም፣ ከጸሎቱ በኋላ ደግሞ ወሬ አያጣም፤ ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ቤት የለም። ብልሽት ቢኖር እኔ ከመስማቴ በፊት ናይሮቢ ይሰማዋል።

"ልጄ፣ አይፈነዳም ይኼ ነገር?"

"አይፈነዳም እትዬ።"

"ጌታ ይባርክሽ። ሔኖክስ? ጠፋ እኮ።"

"ሥራ ነው እትዬ። ለእንቁጣጣሽ ይመጣል።"

"ምን አልኩሽና? ጠፋ ነው ያልኩት።"

ደረጃውን ስወርድ በሩ በደንብ አልተዘጋም ነበር። ጸሎት የመጡት ሴትዮ "ጠፋ ነው ወይስ ጠፋባት?" ሲሉ ሰማሁ። እትዬ የሺወርቅ "እስቲ ዝም በይ" አሉ። ዝም በይ ያሉት ግን ለመሳቅ ጊዜ ከሰጧቸው በኋላ ነው።

እኔም ሳቅሁ፣ ደረጃው ላይ ብቻዬን። ሰዋስዉ ያስቃል። አንዲት "ባት" ስንት ነገር ትሸከማለች።

ጳጉሜን 3

ስሞታ መጣ። እትዬ የሺወርቅ ጠዋት አዝራሩን ነክተው ውሃው ሳይሞቅ መብራት ሄደ። ማታ መብራቱ መጣ፣ ውሃው ግን እንደ ዓለት ቀዝቅዞ ቆያቸው። "ገላዬን የታጠብኩት በእምነት ነው" አሉኝ።

ልክ ናቸው። መብራት ሲሄድ ቁልፉ ለ"ጠፍቷል" ይተላለፋል፤ "ጠፍቷል" ደግሞ ሰው እስኪነካው ድረስ አይነቃነቅም። አንድ መስመር ጨመርኩለት፦ መብራት ከመጣ ቁልፉን ለ"እየሞቀ ነው" አስረክብ። አንድ መስመር ብቻ። ጋሽ ቶሎሳን እንኳን አላስቸገርኩትም።

ለእንቁጣጣሽ መጋረጃ አጠብኩ። ሔኖክ ግራጫውን አይወደውም፤ ቢጫውን ሰቀልኩ።

መስከረም 1 ቀን 2002

አልመጣም።

ስልኩን ሞከርኩ። ሴትዮዋ አነሳችው፤ ያቺ የስልኩ ሴትዮ፣ ማንም የማያውቃት ሁሉም የሚሰማት። "ምቴጃ ሀፓቲካኒ" አለችኝ፤ የደወሉላቸው ደንበኛ ሊገኙ አይችሉም ማለቷ ነው። ድምጿ ለስላሳ ነው፣ እንደ አስታማሚ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አልሰለቸችኝም።

ጁባ ኔትወርክ እንደሌለ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ቢጫው መጋረጃ ነፋስ ሲነካው ክፍሉ በሙሉ ቢጫ ይሆናል። ከሰዓት በኋላውን እዚያ ውስጥ ተኝቼ አሳለፍኩት። ሰው የቢጫ ነገር ሆድ ውስጥ ቢኖር እንደዚህ ነው የሚመስለው።

መስከረም 3

ደወለ። እሑድ ነዋ።

"ሠርክዬ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። ታውቂው የለ ይኼን አገር።"

"አውቀዋለሁ።"

"አውሮፕላኑም ተበላሸ። ለመስቀል ግን፣ በቃ።"

"ምን ትበላለህ?" አልኩት። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ አይደለም፤ ምን እንደሚበላ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"ያው" አለኝ።

መስከረም 8

በድሩ ከአየር ማረፊያው ጭነት ክፍል ዕቃ ሊያመጣ ሄዶ ተመለሰ። የረመዳን ጾም ላይ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ድምፁ ይቀንሳል። ካርቶኑን ሲፈታ ቆየና፣

"ሠርክ፣ ሀዝባንድሽ መጣ እንዴ?" አለኝ።

"አልመጣም። ምነው?"

"ኖ፣ ካርጎ ጋ አየሁት መሰለኝ። ባለ ሰማያዊ ጃኬት። ሰላም ልለው ስል መኪና ውስጥ ገባ።"

"ሰማያዊ ጃኬትማ ግማሹ ካርጎ ይለብሳል።"

"ትሩ" አለና ካርቶኑን እንደገና አሸገው። ገና አሁን ከፍቶት ነበር እኮ።

ጾም ዓይን ያደክማል። እናቴም በጾም ሰው ትሳሳት ነበር፤ አንድ ጊዜ የማታውቀውን ሰውዬ ስማ፣ የልጆቹን ደኅንነት ጠይቃ ነው የለቀቀችው።

ሔኖክ ጃኬቱን ይዞት እንደሄደ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አየሁ። ይዞታል። ጁባ ደግሞ ሙቀት ነው። ማታ ማታ ይበርድ ይሆናል።

መስከረም 13

እሳት ሊነሣ ነበር። ቸኩዬ ነው የምጽፈው፣ ጋሽ ቶሎሳ ታች መኪና ውስጥ ይጠብቀኛል።

የእትዬ የሺወርቅ ማሞቂያ ተቃጠለ። ውሃም በፈረቃ ስለሆነ በርሜላቸው ባዶ ነበር። ይህን አውቀው ማሞቂያውን ዘግተው ወደ ጸሎት ሄዱ። ማታ መብራት ሲመጣ ማሞቂያዋ ራሷን ከፍታ ባዶዋን መጋል ጀመረች። ቧንቧው ቀልጦ፣ ጣሪያው ጠቁሮ አገኙት። ትንሽ ቢዘገዩ ፎቁ በሙሉ ይያያዝ ነበር።

እትዬ የሺወርቅ በሩ ላይ ቆመው "እኔ አጥፍቻለሁ" ይላሉ።

ጋሽ ቶሎሳ ደነገጠ። "ኧረ እርስዎ ምንም አላጠፉም እትዬ። ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"አጥፍቻለሁ እያልኩህ ነው።"

"ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን፣ እርስዎ አይደሉም።"

"ሰውዬ፣ ይቅርታ ማን ጠየቀህ? በዚህ ጣቴ፣ ይችን ተጭኜ፣ አጥፍቻለሁ። ማን አበራት ነው የምልህ።"

ማን እንዳበራት የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። አንድ መስመር።

መስከረም 15

ጋሽ ቶሎሳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "የላቪንግተኑ ሰውዬ ከመስማቱ በፊት አስተካክሉ" ብሎ ወጣ። በድሩ ወንበሩን ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ዒዱ ካለፈ ወዲህ ቀኑን ሙሉ ብስኩት ይቆረጥማል።

"ውሃ መኖሩን የሚያይ ነገር እጨምራለሁ" አለ። "ባት ፕሮብሌሙ እዚያ አይደለም። ይቺ 'ጠፍቷል' የምትያት ማናት?"

"ተረኛ ናት።"

"የማን ተረኛ? እስቲ ስቲማ ሲሄድ ምን ትያለሽ፣ በአማርኛ?"

"መብራት ጠፋ።"

"ስዊች ስትጫኚስ?"

"አጠፋሁት።"

"እሱስ ያን ጊዜ ምን ሆነ?"

"ጠፋ።"

ብስኩቱን አስቀመጠ። "አንድ ቃል ነው እንዴ? በስዋሂሊ እኮ ሁለት ነው። ኢሜፖቴያ ካልሽ፣ በቃ ሄደ፣ ማንም አልነካውም። ኢሜዚምዋ ካልሽ ደግሞ ሰው ነው የዘጋው። አንቺ ሁለቱንም አንድ ወንበር ላይ ነው ያስቀመጥሻቸው። የጠፋ ነገር ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። የተዘጋ ግን፣ የዘጋው ሰው ራሱ ካልከፈተው..."

እዚህ ላይ አቆመ። እኔን አየ፣ ከዚያ ሽቦውን አየ።

"ስለ ማሞቂያው ነው የማወራው" አለ፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ለሁለት ከፈልኳቸው። አንዱ "መብራት ሄዷል" ነው። ቁልፉን ማን እንዳስረከበው ያስታውሳል፣ መብራት ሲመጣ ለዚያው ለባለቤቱ ይመልሳል። ሌላው "ተዘግቷል" ነው። መብራት ቢመጣ፣ ቢሄድ፣ መቶ ጊዜ ቢመላለስ እሱ ንቅንቅ አይልም፤ ጣት ይጠብቃል። ለመጻፍ ከሰዓት በኋላዬን እንኳን አልፈጀም። ከዚያ በኋላ ግን ለረጅም ጊዜ እዚያው ተቀምጬ ቀረሁ፤ በጣሪያው ላይ አውሮፕላን ወርዶ አውሮፕላን ሲነሣ እየሰማሁ። ከጁባ የሚመጣው የቱ ይሆን እያልኩ።

መስከረም 17

መስቀል። ምቴጃ ሀፓቲካኒ።

ሴትዮዋን ዛሬ ልብ ብዬ አዳመጥኳት። ኔትወርክ ሲጠፋም ይህንኑ ነው የምትለው፤ ሰው ስልኩን ሲዘጋም ይህንኑ ነው የምትለው። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ትሕትና። ምነው እኔ ሁለቱን ለይታ እንድትናገር ባስተማርኳት እላለሁ።

ነገር አበዛሁ። ጁባ ኔትወርክ የለም።

መስከረም 26

ሕልም። ረጅም ኮሪደር ውስጥ ነኝ፣ ወለሉ በጃካራንዳ አበባ ወይን ጠጅ ሆኗል፣ እንደ ሰሞኑ የሰፈራችን መንገድ። ዘበኞች በየወንበሩ አሉ። በደረስኩ ቁጥር አንዱ ይነሣና "የእኔ አልቋል፣ ወደፊት" ይለኛል። እግሬ መሬት አይነካም፤ አበባው ራሱ ነው የሚወስደኝ። መጨረሻ ላይ ሔኖክ ቆሟል። ሰማያዊ ጃኬቱ ደረቱ ድረስ ተቆልፏል። "አውቀሃል እኮ" አልኩት። "አንቺም" አለኝ። አልተጣላንም። በጣም ነው የተዛዘንነው።

ስነቃ የተናደድኩት በሕልሙ አይደለም። ምኑን ነው የማውቀው ብዬ ነው።

ጥቅምት 6

አለፈች። እትዬ የሺወርቅ ቤት አዲሷን ገጥመን ፈረቃውን ጠበቅን። በመጀመሪያው ቀን እያሞቀች ሳለች መብራት ሄደ፤ ሲመጣ ካቆመችበት ቀጠለች። በሁለተኛው ቀን እትዬ በጣታቸው ዘጉና መብራት ሄደ። ሲመጣ ሁላችንም መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ተኮልኩለን ነበር፣ እንደ ለቅሶ ቤት። የላቪንግተኑ ሰውዬም ክራቫቱን አድርጎ መሐላችን ቆሟል። ማሞቂያዋ ጭጭ።

"ዘጋኋት፣ ተዘጋች" አሉ እትዬ የሺወርቅ። "እንዲህ ነው እንጂ ጨዋ።"

ሰውዬው ለሁሉም ቤት እንደሚወስድ ተናገረ። ጋሽ ቶሎሳ መነጽሩን አወለቀ፤ ለካ ሲደሰትም ያወልቀዋል።

ሰዎቹ ሲወጡ እትዬ የሺወርቅ እጄን ይዘው አስቀሩኝ። "ልጄ፣ የሆነ ነገር ካለ..." አሉኝ። "ምንም የለም እትዬ" አልኳቸው። እጄን ግን ቶሎ አልለቀቁትም፤ እኔም ቶሎ አልወሰድኩትም።

ጥቅምት 8፣ እሑድ

ዝናቡ መጣ፤ ያ ሁሉ ሰው ሲጠብቀው የነበረው። ከቀትር ጀምሮ የግቢውን ቆርቆሮ ይደበድባል፣ መንገዱ ወንዝ ሆኗል፣ ወይን ጠጁ አበባ ሁሉ እየተንሳፈፈ ወደ ታች ሄደ። መስኮቱ ጋ ቁጭ ብዬ ሳለሁ ማምሻውን ደወለ።

"ሠርክዬ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ..."

"እህ።"

"ለመስቀል ሳይሳካ ቀረ። ሥራው በጣም..."

"እህ።"

በስልኩ ውስጥ ከኋላው ዝናብ ይሰማል። ጁባም ይዘንባል፤ ለራሴ እንዲህ ነው ያልኩት። ነጎድጓድ ሲመታ ከሁለት በኩል ሰማሁት፣ በጆሮዬና በመስኮቴ። ሁለት አገር ላይ አንድ ነጎድጓድ። ይህንንም ልተወው እየተዘጋጀሁ ነበር፣ እውነቴን ነው። ሰው ተኝቶ ለመቀጠል ብርድ ልብሱን እንደሚስብ ዓይነት።

ያን ጊዜ ክፍሉ ጨለመ። ፈረቃ አይደለም፣ ዝናቡ ነው። ሰፈሩ በሙሉ ድርግም አለ። እኔ አፌን አልከፈትኩም። እሱ ነው፣

"ኤጭ፣ ጠፋ" ያለው።

"ምኑ?"

መልሼ ጠየቅሁት።

"ሔኖክ፣ ምኑ ነው የጠፋው?"

ዝናቡ ብቻ፣ በሁለቱም ጆሮዬ። መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ፣ ለካ ቅርብ ነው ያለው፣ ልብሱ እንዳይበሰብስበት የሚል ነበር። ሞኝነት አይጠፋም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በአንድ ቃል መልስልኝ" አልኩት። "ስልክህ ያን ሁሉ ቀን ጠፍቶ ነው ወይስ ዘግተኸው?"

ትንፋሹን እሰማለሁ። ይኼ ሻንጣው አጠገብ የሚቆመው ነው። ሌላው፣ የሚስቀው፣ ከሄደ ቆይቷል፤ ቁልፉን ሲያስረክብ እኔ አላየሁም እንጂ።

"ዘግቼው" አለ።

"እሺ።"

"ሠርክ፣ እንዴት እንደምነግርሽ... መቼ እንደጀመረ ራሴም..."

"አሁን አትንገረኝ።"

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"ቅዳሜ ና። በቀን ና፣ ሰው እያየህ። ልብስህን ትወስዳለህ፣ ልትነግረኝ የፈለግኸውን ፊት ለፊት ተቀምጠህ ትነግረኛለህ። ከዚያ ትሄዳለህ።"

"እሺ" አለ። እንደ ድሮው "እሺ፣ እሺ፣ እሺ" አይደለም። አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው።

የሚለው ነገር እንዳለ ያስታውቅ ነበር። እኔም ነበረኝ። ጨለማው ውስጥ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ትንሽ ጠበቅሁት። ከዚያ ኔትወርኩም ሳይጠፋ፣ ባትሪውም ሳያልቅ፣ በዚህ ጣቴ ዘጋሁት።